ቅቤ የነካው ከረሜላ

ከረሜላ ለዛሬ ልጆች ወረቀቱን ቀደው አፋቸው ውስጥ የሚጥሉት፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ የሚጠይቁበት ነገር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ከረሜላ የሚሠራ እንጂ የሚገዛ አልነበረም። ከሱቅ የሚመጣው ስኳሩ ብቻ ነው። ሎሚው፣ ዝንጅብሉ፣ ማሩ ከጓዳ ይወጣል። ስለዚህ ዳንግላ ላይ ከረሜላ የሠራሁበትን ዓመት ልንገራችሁ ስል አትሳቁብኝ። ቤታችንን ያናጋው እሱ ነው።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር በቀኝ በኩል ቆመው ዜማውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የምናርሰው መሬትም የደብሩ ስለሆነ ከአገልግሎታቸው ጋር የታሰረ ነበር። ድምፅ ካለ መሬት አለ፣ ድምፅ ከሌለ መሬትም የለም፣ ይኸው ነው። ታዲያ በዚያ ዓመት ጥር ላይ እንጅባራ ለቅሶ ደርሰው በፈረስ ሲመለሱ ብርድ መታቸው። የእንጅባራን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ሳሉ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ሲነሡ ድምፃቸው የለም። አፋቸው ይናገራል፣ የሚወጣው ግን እንደ ተቀደደ ወናፍ ትንፋሽ ብቻ ነው።

የደብሩ አለቃ ቤታችን ድረስ መጥተው ጠየቋቸው። ደግ ሰው ነበሩ፣ ክፉ አልተናገሩም። ብቻ ሊወጡ ሲሉ፣ «እስከ ሆሳዕና እንጠብቅዎታለን» አሉ። ከጎንደር ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት በግራ በኩል ቆሞ እንደሚያገለግል፣ ድምፁም ሰው እንደሚያስለቅስ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

እናቴ ደግሞ አራስ ነበረች። እህቴን ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ስለሆነ ከመጋረጃው ወዲህ አትወጣም፣ ቤቱ በእኔ እጅ ነው። ሁዳዴ ገብቷል። ለእናቴ ጧት ጧት ገንፎ በቅቤ፣ ለአባቴ ከቅዳሴ መልስ ሽሮ በኑግ ዘይት። የእሷ ዕቃ ለብቻ፣ የእሳቸው ዕቃ ለብቻ። አባቴ በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ «ንስሐ አባትዎ ለታመመ ይፈቀዳል ብለዋል እኮ፤ ትንሽ ወተት በቅቤ ቢጠጡ ጉሮሮዎን ያለሰልስልዎታል» ብትላቸው፣ በዚያ በሌለ ድምፃቸው ተቆጡ። «የማዜመው ለማን ሆነና ነው ጾሙን የምሽረው?» አሉ። እናቴ ሆድ ሲብሳት የምትናገረው በአገውኛ ነው። ያን ቀን ብዙ አገውኛ ተናገረች።

መላ ያመጣችው ጎረቤታችን ናት። ባሏ ከገበያው ዳር ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ እሷን እትዬ እላታለሁ። አራሷን ልትጠይቅ መጥታ አባቴን «እንደምን ዋሉ» ስትላቸው የመለሱላትን ሰምታ ደነገጠች። «እናቴ ለጉሮሮ የምትሠራው ከረሜላ ነበረ፤ ለዚህች ልጅ ላሳያት» አለች። በማግስቱ የብረት ድስቷንና በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዛ ከተፍ። የእኛ ድስት ሸክላ ነው። ሸክላ ስኳሩን ይጠጣዋል፣ የቀረውንም ያሳርረዋል አለችኝ።

ስኳሩ በጥቂት ውሃ ይጣዳል። ከተጣደ በኋላ ማማሰል የለም። እኔ ወጥ ማማሰል የለመድኩ ልጅ ነኝ፣ እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ማንኪያውን ባነሣሁ ቁጥር እጄን ቸብ ታደርገኛለች። «ከነካካሽው ይሻክራል፣ ተመልሶ ስኳር ይሆናል። ተዪው እስቲ የኔ እናት፣ ራሱ ያውቃል» ትላለች። መጀመሪያ አረፋው ትልልቅና ችኩል ነው። ውሃው እያለቀ ሲሄድ አረፋው ትንንሽ ይሆናል፣ ይከብዳል፣ የሚፈላበት ድምፅም ይወፍራል። ያን ጊዜ የሎሚ ጭማቂ፣ ተወቅጦ የተጨመቀ ዝንጅብልና አንዲት ማንኪያ ማር ይገባበታል። ማሩን ላበዛው ስል ከለከለችኝ። ማር ከበዛ ጥርስ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይደርቅም። ቀለሙ የጠጅ ቀለም ሲይዝ አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ጠብ ትደረጋለች፤ እሷን በጣት አውጥቶ መጫን ነው። ከተለመጠች ገና ነው። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሷል፣ ቶሎ ይውረድ፤ ካለፈ ይመራል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀመሳል። ያን ዓመት ግን የእነሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ ገጥመው ነበር። እትዬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም፤ እኔም እህል የምቀምሰው ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ሁለት ጾመኞች ስኳር ላይ አጎንብሰን፣ ምራቃችንን እየዋጥን፣ የጠብታዋን ቀጭ ማለት በጆሮ እናዳምጣለን። መጨረሻ ላይ ጠብታዋ በእትዬ ጣቶች መሃል ስትሰበር ጊዜ ሁለታችንም በአንዴ ሳቅን።

«ትሪውን ቀባ ቀባ አድርጊው፣ እንዳይዝብን» አለችኝ ድስቱን እያወረደች። በሁለት ጣቴ ዛቅ አድርጌ ዳር እስከ ዳር ቀባሁት። እሷ ዐይኗ ድስቱ ላይ ነው፣ የኔም ልብ እዚያው ነው። ገለበጠችው። ለብ ሲል በቢላ ሸነሸንነው፣ ሲደርቅ ሰባበርነው፣ እርስ በርሱ እንዳይያያዝም በበሶ ዱቄት አሽተን ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርነው። በቤቱ ውስጥ መቅመስ የተፈቀደላት አራሷ ብቻ ስለሆነች ለእናቴ አንዲት ፍንካች ሰጠኋት። «ይጣፍጣል፣ ምንም አይልም» አለች። ለሦስት ሳምንት የቀመሰችው ሁሉ በቅቤ የራሰ ሴት ሌላ ምን ትበል።

አባቴ ያን ዕለት ከቅዳሴ መልስ እህላቸውን ቀማምሰው አንዷን አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ትንሽ ቆዩና፣ «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እንዴት እንደ ኮራሁ።

በማግስቱ ጧት ለገንፎው ቅቤ ልወስድ ዕቃውን ስከፍት፣ ቅቤው ላይ የሁለት ጣት መንገድ ተሠርቷል። እኔ ቅቤውን ሁልጊዜ በእንጨት ማንኪያ ነው የማወጣው። ጣቴን አየሁት፣ ቅቤውን አየሁት። ሦስት ሳምንት በየጧቱ ቅቤ ማውጣት የለመደ እጅ፣ ቅቢ ሲሉት ዘይቱን አልፎ የለመደበት ሄዷል። ሁለታችንም ጾመኛ ባንሆን ኖሮ እዚያው ቀምሰን እናውቀው ነበር። መሪጌታውን በሁዳዴ ቅቤ አበላኋቸው።

ልነግራቸው ወጣሁ፤ እውነቴን ነው፣ ልነግራቸው ነበር የወጣሁት። ደጃፉ ላይ ቆመው ፈረሱን ሲያናግሩ ደረስኩ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትንፋሹ መሃል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አፌን ያዝኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ መጣ። በየቀኑ ሁለት ሁለት እየወሰዱ ከቆርቆሮው ሲቀንስ አያለሁ፣ ድምፃቸው ሲጨምር እሰማለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ቀን ሥራ አበላሸሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ቀልቧ የት ሄደ?» ትላለች።

አባቴ ቤት ውስጥ አሁንም በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት። ገና የዳነ ድምፅ አይጣደፉበትም ይሉ ነበር። አንድ ቀን ግን ውሃ ልቀዳ ወደ ወንዙ ስወርድ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ጾመ ድጓውን ሲያዜሙ አገኘኋቸው። እንደ ድሮው ሙሉ ነው። ወፍራሙ ከሆድ ይወጣል፣ ቀጭኑም ሲወጣ ሳይንቀጠቀጥ ይቆያል። እንስራዬን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሰውዬው ድነዋል፣ መሬታችን ድኗል፤ ሁሉም ግን የዳነው በኔ ጥፋት ነው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሳላበላሸው እንደገና ልሥራው አልኩ። እትዬን ለራሴ ይመስል ስኳር ለምኜ፣ ድስቷን ተውሼ፣ ብቻዬን ሠራሁት። ትሪውን በአመድ ሦስት ጊዜ ፈትጌ በኑግ ዘይት ቀባሁ። የድሮውን ከቆርቆሮው አውጥቼ ደብቄ አዲሱን ሞላሁበት። መልኩ አንድ ነው፣ በሶውም ያው በሶ። የሚለየው ሰው የለም ብዬ ተዝናናሁ፤ ሞኝ ነበርኩ።

አባቴ ከቅዳሴ መልስ አንዷን አነሡ፣ አፋቸው ውስጥ አዞሯት፣ ቆም አሉ።

«የዛሬው ቅቤ የለውም» አሉ።

እናቴ ሕፃኗን አቅፋ ተኝታለች፣ ቤቱ ውስጥ ነቅተን ያለነው ሁለታችን ነን።

«ያውቁ ነበር እንዴ፣ አባዬ?»

«ከመጀመሪያዋ ቀን» አሉ፤ ዐይናቸው ቆርቆሮው ላይ ነው። «ልተፋት ነበር። የደከምሽበትን ብተፋ ታዝኛለሽ ብዬ ዋጥኳት። በማግስቱ ግን ጉሮሮዬ ቀለል አለኝ። ያን ጊዜ ላንቺ ብዬ አይደለም የበላሁት። አንዲት ልጨምር አልኩ፣ ከዚያ ሌላ አንዲት። አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

«በማግስቱ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ለመሬቱ ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም። ድምፅዎን ወድጄ ነው» አልኩና እንባዬ መጣ።

«እኔም እሱን ወድጄ ነው» አሉ አባቴ። እንዲህ ያለ ቃል ከእሳቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ወጡ። ከረሜላውን ከዚያ በኋላ ከነቆርቆሮው ለሰፈር ልጆች አደልኩት።

ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማውቀው ንስሐ አባታቸው ቀድሞም ፈቅደውላቸው እንደነበረ ነው። ስግደታቸው በዛ፣ ዝምታቸውም በዛ። እኔ ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ሆሳዕናን በጉጉት ጠበቅሁ። ሕዝቡ አባቴን ሲሰማ የሚሆነውን ለማየት ገና ሳይነጋጋ ከሴቶቹ በር ተሰልፌያለሁ።

ሰው ዘንባባውን ይዞ ጢም ብሎ ሞልቷል። አለቃው ወደ አባቴ ዞረው በእጃቸው «ይምሩ» አሏቸው። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጉሮሯቸው ወሰዱና ራሳቸውን ነቀነቁ። የለም፣ አልተመለሰም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደው ወጣቱን በዐይናቸው ጠሩት። ልጁ መጀመሪያ ተደናገጠ፣ ኋላ ግን እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ መራው። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ያለቅሱ ነበር።

እኔ ግን እንዴት እንደ ተናደድኩ አልነግራችሁም። በቅቤው ያገኙትን ድምፅ የሚተዉት ከሆነ ለምን በሉት? ከበሉት በኋላስ ለምን ተዉት? የከለከላቸው ሰው የለም፣ የሚያውቅባቸውም የለም። ዛሬ ከእሳቸው ዕድሜ አልፌ እንኳ አንዳንድ ቀን ይሄ ነገር ሲታወሰኝ ብቻዬን እከራከራቸዋለሁ። መሬቱ ዓመት ሳይሞላ ለወጣቱ ተላለፈ። እኛም ዕቃችንን በጋሪ ጭነን የእናቴ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ አዘና ሄድን።

ያ በኋላ የመጣ ነው። የሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ተቀምጣለች፣ ዐይኗ ቀልቷል። አባቴን ምንም አላለቻቸውም። ምን ትበላቸው፣ ድምፅ የሌለው ሰው ምን ይደረጋል። የዞረችው ወደ እኔ ነው።

«ያን ሁሉ ስኳር ጨርሰሽ፣ ያን ሁሉ እንጨት አንድደሽ» አለችኝ። «የሰው ሴት አሳይታሽ እንኳ አልሆነልሽም። ከረሜላሽ ጉሮሯቸውን እንኳ አልነካላቸው። ምን ብታጎድይበት ነው?»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ቢናገሩ የተመለሰው ድምፃቸው ይሰማል።

ቀደምኳቸው።

«ሳይደርስ አውርጄው ይሆናል» አልኳት።