ከወረቀቱ ጀርባ

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ በሩ አይዘጋም። ሰውየው ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አርባውን የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ አሳልፏል። ልብስ ሲረከብ ልኩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍና በስፒል ከጨርቁ ጋር ያያይዘዋል። ወገብ፣ ቁመት፣ የሚወሰድበት ቀን።

ከወረቀቱ ጀርባ የሚጽፈው ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ጥቁር ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ እፊቱ አለቀሰች። የሚላት ጠፋው። «እጸልይልሻለሁ» አላት፤ እንዳይረሳም ስሟን ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር መኪናው ላይ ተደፍቶ የምር ጸለየ።

ወሬው ተዛመተ። የታመመበት፣ ልጁ የጠፋበት፣ ትዳሩ የተናጋበት ሁሉ አንድ አዝራር በጥሶ ይመጣ ጀመር። ስሙም «ባለ ወረቀቱ» ሆነ። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ፣ «የሰፈሩ ዚፕ ሁሉ አንተ ጋ ተበላሽቶ ይመጣል። ለእኔም ጫማቸው እንዲቀደድ ጸልይልኝ እንጂ!» ይለዋል።

ጠዋት ጠዋት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያነባቸው ነበር። በኋላ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሥራ በዛ። አንድ ቀን ዘለለ። ሳምንት ዘለለ። መብረቅ አልወረደም፤ ጸሎቱን ጨርሶ ተወው። መጻፉን ግን አልተወም። ልብሱ ሲወሰድ ወረቀቱን ይነቅልና ብስኩት በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ይጫነዋል። እንዲህ ሲያደርግ ሦስት ዓመት ሆነው።

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከሳሙኤል መጽሐፍ ተነበበ። ነቢዩ ለሕዝቡ መጸለይን ቢተው እግዚአብሔርን መበደል እንደሚሆንበት ይናገራል። ልብስ ሰፊው እስከዚያ ድረስ ነገሩን ስንፍና ይለው ነበር። ወደ ቤቱ ሲሄድ ማንንም ሰላም አላለም።

በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪዋ የባሏን ሱሪ ይዛ ገባች። ባሏ ግንበኛ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከርብራብ ላይ ወድቆ አልጋ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያኔ ስሙን ከወረቀት ጀርባ አስጽፋለች።

«ጋሼ፣ ወገቡን ያጥብቡልኝ። ተኝቶ ከስቷል።»

«ተነሣ እንዴ?»

«ተነሣ! ትናንት ብቻውን ደረጃ ወርዶ፣ ከጎረቤት ተጣልቶ ተመለሰ።» ሳቀች። «እርስዎ ነዎት ያስነሡት። የፊታችን እሑድ በጉባኤው ፊት እመሰክራለሁ፤ አጠገቤ ይቆማሉ።»

«እኔ ለምን?»

«ማን ይቁም ታዲያ? ሐኪሙ?»

ሜትሩን ጠቀለለው፤ ጠቅልሎ ሲጨርስ እንደገና ፈታው። «ክብሩ የእግዚአብሔር ነው፣ እኔን ተይኝ» ቢላት ይበቃው ነበር። እውነትም ነው። ትሕትናም ይመስልለታል። አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«ልጄ፣ አልጸለይኩም።»

«ምን?»

«ለባልሽ። አንድ ቀን እንኳ። የሁሉንም እየጻፍኩ እዚያ ውስጥ ነው የምጥለው።»

«ሲቀልዱ ነው።»

የቆርቆሮውን ክዳን ከፈተላት። ወረቀቶቹ እስከ አፉ ታጭቀዋል።

ዳቦ ጋጋሪዋ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «እኔም አልጸለይኩም» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ ይዘውልኛል ብዬ። ከሥራ ስገባ እደክማለሁ፤ ‹ጋሼ አሉልኝ› እያልኩ ነበር የምተኛው።» ድምፅዋ ተለወጠ። «አልጸልይም ቢሉኝ እኮ ራሴ እጸልይ ነበር!»

የራሱን ጸሎት ብቻ ያስቀረ ይመስለው ነበር። የእሷንም እንደወሰደባት አሁን ገባው። ስንት ሰው እንደዚህ «ጋሼ አሉልኝ» ብሎ እንደተኛ አሰበ።

«ታዲያ ማን ጸለየለት?» አለችው።

«እኔንጃ። እግዚአብሔር ማንም ሳይለምነው ምሮት ይሆናል።»

«ይሆናል። ለእርስዎ ግን ማምለጫ አይሆንም።»

«አይሆንም።»

ተነሣች። ሱሪውን ይዛ ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ። አልነካችውም።

«እሑድስ?» አላት።

«እሑድ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ።»

ጉባኤው ውስጥ ግማሹ ሰው የእሱ ደንበኛ ነው። «ተናገሪ» አላት።

በሩ ላይ ዞር አለች። «ለቅዳሜ ያድርሱልኝ። ወረቀቱ ላይ ልኩን ብቻ ይጻፉ።»

ልኩን ብቻ ጻፈ። ከዚያ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። መጀመሪያ እጁ የገባው ወረቀት የአንዲት ነርስ ነበር፤ «እናቷ፣ ሳንባዋን» ይላል። እናትየዋ አምና ተቀብራለች። ያውቃል፤ የልጅቷን ጥቁር ቀሚስ ያጠበበው እሱ ነው። የቀሚሱን ወረቀት ፈልጎ አገኘው። ልኩ በፊቱ፣ ከጀርባው የልጅቷ ስም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በሩን ገርበብ አድርጎ መኪናው ላይ ተደፋ። ለመጀመሪያው ከእንግዲህ የሚለምነው ነገር አልነበረም። ከሁለተኛው ጀመረ።