ማሪዮን ደሴት ላይ ያልኖርኩበት ዓመት

አንድ ዓመት ሙሉ ማሪዮን ደሴት ላይ ነኝ ብዬ ለአባቴ ዋሽቻለሁ። ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ፣ ውቅያኖስ መሃል ያለ ደሴት ነው፤ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው፤ ማሪዮንን የማውቀው ጆሃንስበርግ፣ ብራምፎንቴይን ካለው ቢሮዬ ሆኜ ዳርቻውን በኮምፒውተር ስስል ነው።

ጣጣው የመጣው በዶክትሬቴ ነው፤ ማለትም በሌለው ዶክትሬቴ። ትምህርቱን አቋርጬ ሥራ ከያዝኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፣ አባቴ ግን አያውቅም። ሆሳዕና ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው የእኔን ወሬ ማውራት ሆነ። አንድ ቀን ደውሎ "ለፋሲካ ና፤ ድንኳን አስተክላለሁ፣ ዶክተር ልጄን አገር ይየው" አለኝ። እውነቱን ብነግረው ምናልባት "በቃ፣ ና ብቻ" ይለኝ ነበር። እኔ ግን "አልችልም አባዬ፣ ለምርምር ማሪዮን ደሴት መመደቤ ነው" አልኩት። "መርከቡ በዓመት አንዴ ነው የሚሄደው። ስልክ የለም፣ ኢሜይል ብቻ ነው።" ስልክ የለም ያልኩት ድምፄ እንዳያጋልጠኝ ፈርቼ ነው።

ወዲያው "ስንት ዲግሪ ደቡብ?" አለኝ።

"አርባ ሰባት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።"

"ከዚያ በታች እኮ አንታርክቲካ ነው!" አለ በኩራት።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቹን ታናሽ እህቴ በስልኳ እየጻፈች ትልክልኝ ጀመር። ሕዝቡ ስንት ነው? ነዋሪ የለውም፤ በየዓመቱ የሚቀያየሩ ጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ ናቸው። ተራራውስ? እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ያልፋል፤ ዛፍ የሚባል ነገር አይበቅልበትም። ታሪኩንም ጻፍኩለት። መጀመሪያ ያዩት የሆላንድ መርከበኞች ቦታውን አሳስተው መዘገቡት፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያገኘው የለም። ኋላ ለቆዳና ለስብ ሲሉ የባሕር እንስሳ የሚያርዱ አዳኞች መጡ፤ አይጥ ከመርከብ ወረደ። ደቡብ አፍሪካ ደሴቱን የራሷ ካደረገች በኋላ አይጡን እንዲፈጁ አምስት ድመት ተወሰደ፤ ድመቶቹ ተራብተው ወፉን ፈጁት። በስንት መከራ ድመቶቹ ሲጠፉ፣ አይጦቹ አልባትሮስ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ጫጩት ከነነፍሷ መብላት ጀመሩ። አባቴ ይህን በጣም ወደደው። "ስህተትን በስህተት ሲያርሙ እንዲህ ነው" ብሎ አስጻፈልኝ። ፊቴ ጋለ፣ ግን ቀጠልኩ። ማፈር ያለብኝ ገና ያኔ ነበር፤ እኔ ግን መጻፉ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ ብልጥ ነኝ። ከደሴት የሚመጣ መልስ ቶሎ መድረስ የለበትም ብዬ እያንዳንዱን ጥያቄ ሆን ብዬ ሁለት ሁለት ሳምንት አቆየው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳዬን የምበላው ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር፣ የአገሬ ልጅ የሆነ ትልቅ ሰው ምግብ ቤት ነው። ጀፕ የተወራ ወሬ ሆሳዕና ሳይደርስ አያድርምና "ጋሼ፣ ቤተሰቦቼ ከጠየቁህ ደሴት ሄዷል በልልኝ" አልኩት።

"ኤሽ!" አለ እየሳቀ። "ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ይዋሻል እንበል። ያንተ ፔፐር ሙሉ ነው፤ ምን አስዋሸህ?"

እኔም ሳቅሁ። እሺ አለኝ። ከዚያም በኋላ በመጣሁ ቁጥር "አባትህ እንዴት ናቸው?" ሳይለኝ አያስቀምጠኝም ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ እዚያው ምግብ ቤት ክትፎ ፊቴ ቀርቦ ሳለ፣ የአባቴ ጥያቄ ስልኬ ላይ መጣ። "ንፋሱ ሲነሳ የት ትጠለላለህ?" ይላል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ንፋሱ ከምዕራብ ነው የሚመጣው፣ ጣቢያው ያለው ደግሞ በምሥራቅ በኩል፣ ከተራራው ከለላ ሥር ነው። ሁለት መስመር ነበር። ሁለት ሳምንት ይቆይ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ክትፎዬን በላሁ።

መልሱን ስልክለት "እሰየው፣ ደስ ብሎኛል" የሚል መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዎቹ ተለወጡ። "ይበርዳል ወይ?" "በልተሃል?" አባቴ ይበርዳል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ስንት ዲግሪ ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ደክሞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጋሼም ስለ አባቴ መጠየቅ አቆመ። አጠገቤ ይቀመጥና በልቼ እስክጨርስ አይነሳም፤ ይህንንም ገበያ ቀዝቅዞበት ነው አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ቀሎልኝ ነበር፣ የከበደው ለሌላ ሰው ነው።

በግንቦት መርከቡ የሚመለስበት ጊዜ ሲደርስ ደወልኩ። "ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ" አለች እህቴ። አባዬን አቅርቢልኝ ስላት ተኝቷል አለችኝ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከጀፕ የመጡ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ከፊት ጋሼ አለ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ በቡድን የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። "አባትህ አርፈዋል" አለኝ። "በጥቅምት ነው።"

መጮኼን አስታውሳለሁ፤ ያዙኝ። ትንሽ ስረጋ "ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?" አልኩ። "በየሳምንቱ ታዩኝ የለም ወይ?"

ጋሼ መሬት መሬቱን እያየ መለሰልኝ። "ቤተሰብ ከደሴት ሲመለስ ይነገረው ብሎ አዘዘን። መርዶ የቤተሰብ ነው። አንተስ መቼ ተመለስክ? እኛ ስንጠብቅህ ነበር።"

ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ሰባት ወር ሙሉ የአባቴን ሞት እያወቁ አብረውኝ በልተዋል። ከእነሱ አንዱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ስልክ አገናኙኝ። እህቴ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሊሞት ሲል እሷን ጠርቶ "ደሴቱ ላይ እንዳትነግሩት፤ እዚያ አቅፎ የሚያስለቅሰው ሰው የለም" ብሏታል። የንፋሱን ጥያቄ ካስጻፈ በአምስተኛው ቀን ነው ያረፈው። እስከዚያ "መልስ መጣ ወይ?" እያለ ይጠይቃት ነበር። ከዚያ በኋላ የጻፈችልኝ እሷ ናት።

"ዋሸሁህ፣ ወንድሜ" አለችኝ። "ሰባት ወር ሙሉ በአባዬ ስም ዋሸሁህ። ለአንተ ብዬ ነው። በእግዜር፣ ይቅር በለኝ።"

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። የእኔን ውሸት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።