የቼሪው ሽቶ በእጄ ላይ

በደርግ ጊዜ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉን የለየሁት በዚያው ዘመን፣ ቀበሌ በሚያስተምረው መሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ከመንገድ ብወጣም እመለሳለሁ።

አሠሪዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ወንድማቸው አውሮፕላን ላይ ስለሚሠራ ከውጭ አገር ሽቶ አመጣላቸው። ካርቶኑ ላይ በአንድ ቀንበጥ የተንጠለጠሉ ሁለት ቀይ ፍሬዎች ተስለዋል፤ ጉትቻ ይመስላሉ። ቼሪ ይባላል አሉኝ። እኔ ቀይ ፍሬ ሲባል የማውቀው የሾላ ገበያን ቲማቲም ነው።

ያኔ ሳሙና እንኳ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነበር የምናገኘው። እኛ ሠራተኞች የገላ ሳሙና መጠቅለያ ካገኘን አንጥልም፤ ልብሳችን መሀል እናስቀምጠዋለን፣ ወር ሙሉ ያሸታል። እትዬም የሽቶውን ካርቶን ሲጥሉት ከቆሻሻው አንስቼ ነጠላዬ እጥፋት ውስጥ ከተትኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን የተጣለ ነገር ምን ተብሎ ይጠየቃል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እትዬ በር ላይ አስቆሙኝ። የነጠላዬን ጫፍ ይዘው አሸተቱ።

«ሽቶዬን ነካሽው?»

«ኧረ አልነካሁም እትዬ። ከካርቶኑ ነው። ከቆሻሻ አንስቼ ልብሴ ውስጥ አድርጌው ነበር።»

«ባዶ ካርቶን እንዲህ ይሸታል? እኔን ልጅ አደረግሽኝ እኮ። ነገ ልብስሽን ሸክፊ።»

ያኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። በሌብነት ስም ከወጣሁ በዚያ ሰፈር ማን በሩን ይከፍትልኛል?

የእትዬ እናት፣ እማማ የምላቸው፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይሰሙን ነበር። «አምጪው ጠርሙሱን» አሉ ልጃቸውን። ነጠላዬን አሸተት አድርገው፣ ጠርሙሱን ተቀብለው የእጄ አንጓ ላይ አንዴ ፊስ አደረጉበት።

«በይ ሥራሽን ሥሪ። ውሃ እንዳታስነኪው።»

«እማዬ፣ ደግሞ ትጨምሪላታለሽ?» አሉ እትዬ።

«ሽቶ ገላ ላይ ባለበት አይቆምም። የት እንደሚደርስ እንየው።»

ምስር ለቀማ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፍንጫ የሚወጋ አልኮል ብቻ ነበር። ወዲያው እንደ ከረሜላ ጣፈጠ፤ ምራቄን ዋጥኩ። ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ ጣፋጩ ሸሽቶ፣ የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ሲቀመስ ያለችው መራራ ነገር መጣች። ቅዳሜ ራሴን ቅቤ ተቀብቼ ነበርና እጄ ላይ የቀረው ቅቤም ከሥር ገባበት። ከሰዓት በኋላ ሞቅ ያለ፣ እንደ አሮጌ ሣጥን እንጨት ያለ ሽታ ሆኖ ቆዳዬ ላይ ተኛ። እትዬ ላይ እንዲህ አይሆንም፤ ከቢሮ ሲመለሱ ኮታቸውን ስቀበል የሚሸተኝ እንደ ፊት ዱቄት ነው። ጠርሙሱ ግን አንድ ነው።

እማማ ጠሩኝ። እጄን፣ ከዚያ አንገቴን፣ ከዚያ ነጠላዬን አሸተቱ፤ ቀስ ብለው፣ ገበያ ቅቤ እንደሚመርጥ ሰው።

«እጇ ኮክና ቅቤ ሆኗል። አንገቷ ቅቤ ብቻ ነው። ነጠላው ጠዋትም ከረሜላ፣ አሁንም ከረሜላ፤ ገላ አልደረሰበትም። ሽቶ የሰረቀች ሴት አንገቷን ትታ ነጠላዋን ትቀባለች? ሂጂ፣ ያን ካርቶን አምጪ።»

አመጣሁ። እትዬ አፍንጫቸውን ካርቶኑ ውስጥ ከተው ቆዩ። ነጠላዬን አነሡ፤ ተመልሰው ካርቶኑን አሸተቱ።

«ያው ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ያው ነው እንጂ» አሉ እማማ። ወደኔ ዞረው፣ «አንቺ ግን ቅቤሽ ከርሟል፤ ቀይሪው» አሉኝ።

እትዬ ይቅርታ አላሉኝም፤ ለሠራተኛ እንዲህ አይባልም ነበር። ልሸክፍ ወይስ ልተወው ብዬ ሰኞ ጠዋት ጓዳ ቆሜ ሳለሁ መጡና ዘንቢሉን አቀበሉኝ።

«ሾላ ሂጂና ቲማቲም አምጪ። የበሰለውን ምረጪ።»

እሺ አልኩ። ካርቶኑን ልብሴ መሀል መልሼ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።