ስሙ ጠፍቶ ድምፁ የቀጠለው ፋይል

ጎንደር ውስጥ በአንድ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ የሰርቨር ባለሙያ ሆኜ የገባሁበት ቀን ትዝ የሚለኝ በዝምታው ነው። አለቃዬ አቶ ታደለ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው በስሜ አንድ ፋይል እንድፈጥር፣ ከዚያም እንዳጠፋው አዘዙኝ። «አር ኤም» የምትባለውን ትእዛዝ ከነፋይሉ ስም ጽፌ ኤንተርን ተጫንኩ። ምንም አልመጣም። እርግጠኛ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ የለም፣ የተጣለው የሚቆይበት ቅርጫት የለም፣ ጠፍቷል የሚል መልስ እንኳ የለም።

ተበላሸ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም ካለ ሠርቷል ማለት ነው አሉኝ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይኼ ማሽን አይጠይቅም። ጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አሉ። ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ትእዛዝ የስንት ሰው ድካም ድራሹን ልታጠፋ እንደምትችል ሳስብ ፈራሁ። ዛሬም እፈራታለሁ።

ሥራችን ሲያዩት ቀላል ነው። ጋዜጠኞቹ ከየወረዳው የቀዱትን ያመጣሉ፤ እኛ የተቀዳበት ዓመት በተጻፈበት ፎልደር ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ ወደ ሌላ ዲስክ የተገለበጠውን እናጠፋለን። ችግሩ የፎልደሮቹ ስም ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ግማሹን በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹን በፈረንጅ ሰይመውታል። የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። የቱ የማን ዓመት እንደሆነ የሚያውቀው የሰየመው ሰው ነበር፤ እሱም ሥራ ለቋል።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ሴት ከመካነ ብርሃን መጡ። ሟች አባታቸው አያ ደሴ ለጣቢያችን የሰጡት ቃለ ምልልስ የዚያን ዕለት በድጋሚ ይተላለፍ ስለነበር፣ ቅጂውን ሊወስዱ ፍላሽ ይዘው ነው። አያ ደሴ በወጣትነታቸው ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው እየተጣሩ የሞትና የሠርግ ወሬ የሚያደርሱ ሰው ነበሩ።

«አባቴ ፎቶ እንኳ የለው» አሉኝ ወይዘሮ የሺ። «ልጆቼ አያታቸውን አያውቁትም። ድምጡን እንኳ ይወቁት ብዬ ነው።»

እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ፕሮግራሙ ተጀመረ።

በዚያው ሰዓት ባልደረባዬ ብሩክ ዲስክ ያጸዳ ነበር። ብሩክ ጎበዝ ነው፤ ጣቱ ግን ከሐሳቡ ቀድሞ ይደርሳል እያልን እንቀልድበታለን። የተገለበጠውን የፈረንጅ ዓመት ያጠፋ መስሎት፣ ገና ያልተገለበጠውን የእኛን ዓመት አጠፋ። ሲያውቀው ፊቱ አመድ መሰለ። የአያ ደሴ ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ ነበር።

የገረመኝ ግን ከማጉያው የሚመጣው ድምፅ አለመቋረጡ ነው። ፋይሉን ብንፈልገው የለም። አያ ደሴ ግን ረጋ ብለው እያወሩ ነው።

አቶ ታደለን ጠራናቸው። አልተቆጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁን ማን ከፍቶ ይዞታል?»

ድምፁን ከኮምፒውተሩ የሚያጫውተው ፕሮግራም፣ አጫዋቹ፣ አልናቸው።

«እንግዲያው አልጠፋም።»

ሰርቨራችን በሚሠራበት በሊኑክስ ሥርዓት ላይ ፋይል ስናጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ፕሮግራሙ ሲዘጋው ያኔ በእርግጥ ይሄዳል። ያለን ጊዜ ቃለ ምልልሱ እስኪያልቅ ብቻ ነበር።

ወደ ስቱዲዮው ሮጥኩ። ፕሮግራሙን የምታስተላልፈው ተረኛ ጋዜጠኛ ማስታወቂያ ልታስገባ አጫዋቹን ልትዘጋ እጇን ዘርግታ ደረስኩባት። እንዳትነኪው አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ፤ እጇን ግን ሰበሰበች። ስመለስ ወይዘሮ የሺ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? ሸጋ አድርጎ ይሰማል እኮ።»

አዎ፣ ሸጋ ነው ብያቸው አለፍኩ።

አቶ ታደለ የተከፈቱትን ፋይሎች ዝርዝር አውጥተዋል። ከአያ ደሴ ፋይል ጎን የጠፋ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ተጽፏል። እሳቸው ግን አጫዋቹ ከያዘው ላይ፣ በአየር ላይ ያለፈውንም ገና ያላለፈውንም፣ በአንድ መስመር ትእዛዝ ገለበጡት። መስኮቱ ዝም አለ። ዝምታ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቃለ ምልልሱ አልቆ አጫዋቹ ሲዘጋ ከዝርዝሩ ላይ ያ መስመር ጠፋ። የገለበጥነውን ከመጀመሪያው ከፍተን አዳመጥን። አያ ደሴ ከሸንተረሩ ማዶ ያለ ሰው ሲጣሩ ሰውነቴን ወረረኝ። በፎልደሩ ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ የተቀዱ ድምፆች አልተመለሱም። እነሱን ማንም ከፍቶ አልያዛቸውም ነበር።

ፍላሹን ሲሰጣቸው ብሩክ የሆነውን ሁሉ ራሱ ነገራቸው። ወይዘሮ የሺ ፍላሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ሳቅ አሉ። «አባቴስ ድሮም ነገሩን ሳይጨርስ አይሄድም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በየፎልደሩ ስም ላይ የእኛ ወይም የፈረንጅ ብለን እንጽፋለን። ለአዲስ ገቢ ሠራተኞች ደግሞ የምነግራቸው ይኸን ነው። ፋይል ጠፋብኝ ስትሉ ምንም አትዝጉ። መጀመሪያ ማን ከፍቶ እንደያዘው ጠይቁ።