ሁለት እንጨት፣ አንድ ክር

ሰውዬው ጨርቅ ላይ የሚታተም ጌጥ በመንደፍ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ሲነድፍ ያየው ሰው ግን የለም። ወረቀቱን በግራ ክንዱ ከልሎ ይሥላል፤ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ እንኳ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል። የሥራ ቤቱ ሰዎች ስሙን ትተው «ጋሽ ቁልፍ» ይሉታል። እሱም አቤት ይላል።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በማያውቀው ሰፈር ሲያልፍ፣ ገና ለገበያ ያልወጣ የራሱ የቅጠል ጌጥ መጋረጃ ሆኖ ከአንድ ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ቆሞ ቅጠሎቹን ቆጠረ፤ አምስቱም የእሱ ናቸው። ያን ንድፍ ከእሱ ሌላ የያዘው፣ የሚታተምበትን እንጨት የቀረጸለት ሰው ብቻ ነበር። ቀራጩ ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ነገሩን በሆዱ ያዘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ አንድን ንድፍ በሙሉ ለአንድ ሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ አበባውን ለአማቹ፣ ቅጠሉን ከገበያው ማዶ ላለው በር ሠሪ አናጢ እየከፈለ ያስቀርጻል። አበባና ቅጠል ለየብቻ ስለሚታተሙ ብልሃቱ እስከ ዘንድሮ ድረስ አላሳፈረውም።

ዘንድሮ ግን የሥራ ቤቱ አለቃ አበባና ቅጠል ሰለቸኝ አሉ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ዓይን የሚይዝ አዲስ ጌጥ ካላዩ፣ መስኮቱ ሥር ያለችውን ገበታውን ለሌላ ነዳፊ ሰጥተው እሱን ወደ ቀለም ማፍሊያው ክፍል እንደሚያዛውሩት ነገሩት። ያች ገበታ ዕድሜው ናት። ብርሃኑ በስንት ሰዓት የትኛው ጥግ ላይ እንደሚያርፍ በቃሉ ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ውኃ አላለም። የብረት አጥር ባየ ቁጥር ይቆማል፤ የወለል ሸክላ፣ የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ፣ የጎማ ዱካ ሳይቀር ገለበጠ። የገለበጠውንም ሁሉ ቀደደ። ምሳ ቀርቦለት ሦስቴ ይነሣል።

«ወይ ተቀመጥ፣ ወይ ውጣልኝ» አለችው ሚስቱ። «ወለሉን እኮ አሳሳኸው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ የትራስ ልብስ ትጠልፍ ነበር። ክሩን ልትቋጥር ጨርቁን ስትገለብጠው ዓይኑ ጀርባው ላይ ወደቀ። በፊት ለፊቱ ተራርቀው የተቀመጡትን አበቦች፣ በስተኋላ አንዱ ክር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ እየተጠመዘዘ፣ እየተቋጠረ ያገናኛቸዋል። ከእጇ ነጠቃት።

«ጀርባውን አትይ፤ ነውሬ ነው» አለችው።

አልሰማትም። ነውሯን እስኪመሽ ሲሥል ዋለ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን መሃል ለመሃል ቆርጦ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ዳርና ዳር የነበሩት መሃል ላይ ሲገናኙ ክሩ ሳይበጠስ አለፈ። ጌጡ በጨርቁ ርዝመት ሁሉ ማለቂያ የሌለው አንድ ክር ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። ጮቤ ሊረግጥ ይገባው ነበር፤ እሱ ግን በሩ መቆለፉን አየ። ሙሉውን በሌላ ወረቀት ገልብጦ ለራሱ አስቀረ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ የቀኙን ግማሽ ለአማቹ፣ የግራውን ለአናጢው ወሰደ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱን ቅርጾች አንድ ጣውላ ላይ አጋጥሞ ቸነከራቸው። በደረቁ ጥቀርሻ ቀብቶ ወረቀት ላይ ሲሞክራቸው ፀጉር እንኳ በመካከላቸው አያልፍም። ወደ ማተሚያው ክፍል ይዞት ገባ። የአታሚዎቹ አውራ ቀለም እየነከረች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አሳረፈችው፤ ሁሉም ሥራቸውን ትተው አዩት፤ ወደውታል። ዐሥረኛው ላይ ስትደርስ ግን ክሩ መሃሉ ላይ ተዛነፈ። ዐሥራ አምስተኛው ላይ ተበጠሰ።

«ጋሽ ቁልፍ» አለች ሴትዮዋ፣ «ክርህ ላይ ማን ቆለፈበት?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እንጨቱን ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሲደርቅ ገጠመ፤ ቀለም ሲነካው እንደገና ተዛነፈ። ወደ ገበታው ወስዶ ሞረደው፤ ባሰበት። አለቃቸው በዚያ ሲያልፉ የገበታውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰው ሄዱ። ከተግሣጽ ይልቅ ይህ አስደነገጠው። እኩለ ቀን ላይ እንጨቱንና ሙሉውን ወረቀት ታቅፎ ወደ አማቹ ገሠገሠ።

ቀራጩ የግራውን ግማሽ አንሥቶ አሸተተው።

«ይህ የበር እንጨት ነው፤ ቀለም ሲጠጣ ያብጣል። የእኔው አያብጥም። ሁለቱን ማን አጋባቸው?»

«እኔ።»

«ለምን ጋሼ?»

ሰውዬው ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያም ስለ መጋረጃው፣ ስለ አምስቱ ቅጠሎች ነገረው። የቀራጩ መሮ ቆመ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ብትጠይቀኝ አልሸጥሁም እልህ ነበር።»

«አላምንህም ነበር።»

«አሁንስ?»

ሰውዬው ጥቅልሉን ዘረጋ፤ ወረቀቱ ወደ መጠቅለሉ ሲመለስ በሁለት እጁ ተጫነው፤ ጣቱንም ከግራው ዳር አሳረፈ።

«ክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለ።

ቀራጩ ጎንበስ ብሎ የግራውን ዳር አየ። ከዚያም የቀኙን ግማሽ ከሠራበት ግንድ የተረፈውን ቁራጭ ከአግዳሚው ሥር ጎትቶ አወጣ። ሰውዬው እንደሚሄድ ሰው ተነሥቶ በሩ ላይ ቀረ።

«ጥላህ ሥራዬ ላይ ወድቋል» አለው ቀራጩ ቀና ሳይል።

ወደ ሌላው የበር መቃን ተሻገረ። ጥላው ወጣ፤ እሱ ግን አልሄደም። ፀሐይ አዘቅዝቃ እንጨቱ እስኪያልቅ ድረስ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሣል፤ ሲነሣም ወረቀቱ እዚያው አግዳሚው ላይ መኖሩን ያያል።

ሐሙስ ጠዋት የአታሚዎቹ አውራ አርባ ጊዜ አሳረፈችው። ክሩ ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፉ አለፈ። አለቃቸው ጨርቁን በረዥሙ አስዘርግተው ዳር እስከ ዳር ተራመዱና የሚበጠስበትን ፈለጉ፤ አጡት።

«ሂድ፣ ገበታህ ላይ ተቀመጥ» አሉት።

ተቀመጠ። አዲስ ወረቀት አወጣ። አማቹ የቅርጹን ዋጋ ሊቀበል መጥቶ ኖሮ ከኋላው ቆሟል። የሰውዬው ግራ ክንድ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ሊከልል ተነሣ። መለሰው። እንደገና ተነሣ፤ እንደገና መለሰው። በሦስተኛው ክንዱን ከገበታው በታች አውርዶ በጉልበቶቹ መካከል ያዘው፤ በአንድ እጁም መሣል ጀመረ።