እንደ ማረሻ የተሳለው መበየጃ

የልጅ ልጆቼ ከአያታቸው ዕቃ መካከል መበየጃውን አገኙና፣ «እማ፣ ይኼን ገበሬ ሰው ከየት አመጣው? ንገሪን፣ እኛ እንጽፈዋለን» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ወሬ ግን አይቸግረኝም። ከመንገድ ስወጣ መልሱኝ ብያቸዋለሁ።

ሽማግሌዬ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ዳንግላ ከተማ ከገባን በኋላ እጁ ባዶ ሆነ። ጧት ተነሥቶ ሰማይ ያያል። ዝናብ መጣ ቀረ ለእሱ ምኑም አልነበረም፤ ግን ያያል። ደግነቱ አንድ ቀን የተበላሸ የእጅ ባትሪ ፈታትቶ ሲገጥመው በራለት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ባትሪ ሁሉ እኛ ቤት ሆነ፤ እሱም ሰማይ ማየቱን ተወ።

ታላቅ እህቱ ጥሊሊ ከተማ ትኖር ነበር። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆቿ እርሻና ገበያ ሲውሉ ቀኑን የምትገፋው በሬዲዮ ነው። ልንጠይቃት ስንሄድ ዝም ያለ ሬዲዮ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«አንተ፣ ባትሪ ታበራለህ አሉ። እስቲ ይኼንንም አናግርልኝ» አለችው።

ቤት ወስዶ ሲከፍተው አንዲት ቀጭን ሽቦ ከሥሯ ተነቅላለች። በቀለጠ እርሳስ ካልተበየደች አትይዝም አለ። መበየጃ ፍለጋ እንጅባራ አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድን።

የሱቋ ልጅ ሁለት ዓይነት አወጣች፤ አንዱ ወፍራም፣ ከባድ፤ ሌላው እስክርቢቶ የመሰለ፣ እጀታው ላይ ሙቀት መጨመሪያና መቀነሻ ያለው። ከባድ ዕቃ ይበረክታል ብዬ ወፍራሙን አነሣሁ።

«እሱ ለቆርቆሮ ነው እማማ፤ ሬዲዮ ካስነኩት ያቃጥለዋል» አለችኝ።

ሽማግሌዬ ቀጭኑን በመዳፉ መዘነው፤ ገመዱን አጠፍ ዘርጋ አደረገው። «ገመዱ ልል ነው፣ እጅ አይጎትትም» አለ። የመጥረቢያ እጀታ ሲመርጥም እንዲሁ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ እጁን እየጠየቀ። ልጅቱ የሚቀየር ትርፍ ጫፍ ይውሰዱ ስትለው ግን፣ «ማረሻ ሲዶለዱም ይሳላል እንጂ ይጣላል እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

ሬዲዮው ከመነካቱ በፊት እጁን በአሮጌ ሽቦ ያለማምድ ጀመር። ሲሠራበት ሰነበተና ጫፉ ጠቆረ። ሞረዱን አወጣ፤ እንደ ማረሻ ሳለው። እንዴት አምሮ ነበር! ሲያግለው ግን እርሳሱ አልይዝ አለ፤ ኮባ ቅጠል ላይ እንደ ወደቀ ውሃ እየተንከባለለ ይወርዳል።

«ስለቱ እንደሁ ደርሷል፤ በሬ ጥመድለት» አልሁት።

አልሳቀም። «እህቴ እኮ ያለ ሬዲዮ ተቀምጣለች» አለና ምሳውን ገፋው።

በማግሥቱ ሱቋ ተመለስን። ልጅቱ ጫፉን አየችና አፏን ያዘች። «አባባ፣ ሳሉት?»

«ሳልሁት።»

«ላዩ ላይ ስስ ልባስ አለው፤ እርሳስ የሚይዘው እሱ ነው። ሞረዱ ገፈፈው። ሲጠቁር በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሲጨርሱ ደግሞ እርሳስ ቀብተው ያስቀምጡት፤ ራቁቱን አይደር።»

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማትና፣ «ለካ እንደ ጠፍር ነው፤ ቅባት ካጣ ይሞታል» አለ። በሬ የሚጠመድበት ጠፍር ቅቤ ካልተቀባ እንደሚበጠስ እሱን ማን ያስተምረዋል። አዲስ ጫፍ ይዘን ተመለስን።

ከአሮጌ ጋቢዬ ቁራጭ ቀደድሁለት። እያራሰ ጫፉን ሲያስነካው ችስ ይላል፤ ጫፉም እንደ ብር ያበራል። መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ሻማ ይፈልጋል፤ እሱ መጀመሪያ መሰኪያውን ይነቅላል። እኛ በሌለንበት መብራቱ ቢመጣ ብቻውን ሲግል ይውላል ይላል። ሲጨርስ እርሳስ አልብሶ እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ይቀመጣል፤ እንቅልፍ የያዘው ሕፃን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሰው።

የሬዲዮዋን ሽቦ የበየደ ቀን እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ያ ጓል ሲከሰክስ የኖረ ሻካራ እጅ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ይዞ ቦታዋ አደረሳት። እርሳሱ ቀለጠ፣ ሽቦዋን አቀፋት፣ አንጸባረቀ። የባትሪ ድንጋዩን መልሶ ሲከፍተው ሬዲዮው ጮኸ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

ሬዲዮውን ጥሊሊ ስናደርስላት ጀርባውን አስከፍታ ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ምስር ታክላለች» አለች። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው ሁሉ «ወንድሜ ያናገረው ነው» ሳትል አትከፍተውም ነበር። እስክትሞት አናገራት።

እሱም እሷም ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው ልጇ የነገረችኝ። ሣጥኗን ሲከፍቱ ከቀሚሶቿ ሥር አዲስ ሬዲዮ አገኙ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተፈታም። እኛ ለመበየጃው እንጅባራ ስንመላለስ፣ ወንድ ልጇ ከጫግኒ ገዝቶ አምጥቶላት ኖሯል። «ደብቁልኝ፤ ወንድሜ እየሠራልኝ ነው። ይኼን ካየ እጁን ይሰበስባል» ብላቸው ነበር።