አክስቴን መኪና ገጫት የተባለ ዕለት

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል እናቴ ስልኳን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። "አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?" አለችኝ።

በቤተሰባችን ግሩፕ ላይ የአክስቴ ልጅ ጽፏል። እናቱን መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ናት፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባቷ በፊት መከፈል አለበት፤ ያላችሁን በዚህ ቁጥር ቶሎ ላኩ ይላል። እናቴ "እህቴን!" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ልጇ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሳም። "የትኛው ሆስፒታል ናችሁ?" ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ።

"አሁን የጥያቄ ሰዓት አይደለም። አክስቴ፣ አንቺ እንኳን ድረሽልኝ" የሚል መልስ መጣ።

"አክስቴ" የምትለዋ ቃል ጎረበጠችኝ። እሱ እናቴን ከልጅነቱ ጀምሮ "እትዬ" ነው የሚላት። ደግሞም መጻፍ ይሰለቸዋል፤ ሁልጊዜ ድምፁን ቀድቶ ነው የሚልከው። ልፈትነው ብዬ የት እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

"አብነት፣ ብየዳ ቤት። ምን ሆነሻል አንቺ?" አለኝ ወዲያው።

ልክ ነው። እናቴ "አየሽ? እህቴ ስትሞት ነው የምታምኚው?" ብላ ጮኸችብኝ። የመላኪያው ቁጥር ላይ የሚወጣው ስም ግን የማናውቀው ሰው ነው። "የሆስፒታሉ ገንዘብ ያዥ ነው" ተባልኩ። ስልክ አንሳ ስለው፣ እዚህ ማውራት አይፈቀድም አለ።

"እማዬ፣ በማርያም፣ እስክደውልልሽ እንዳትልኪ!" ብዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ከሰፈራችን ከጠመንጃ ያዥ ታክሲ የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ወደ አብነት በእግሬ ሮጥኩ። እውነት ከሆነስ? አክስቴ በእኔ ጥርጣሬ ብትሞት እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ብየዳ ቤቱ ስደርስ የብረት መቁረጫው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። የአክስቴ ልጅ ጎንበስ ብሎ የበር ብረት እየቆረጠ ነው። ትከሻውን ስይዘው ደነገጠ።

"ምን ሆንሽ? እትዬ ደህና ናት?"

"እናትህ የት ናት?"

"ልደታ ማርያም ናታ፤ ጾም አይደል፣ ቅዳሴ ላይ ናት። ምነው?"

ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደገምኩ፤ አሁንም ተይዟል። ከማን ጋር እንደምታወራ ገባኝ። በመጨረሻ አነሳች።

"ዶክተሩ ደውሎ ደቂቃ የለንም አለኝ። የሚስጥር ቁጥሬን እያስገባሁ ነው…"

"ተዪው! ልጇ አጠገቤ ነው፤ አክስቴ ደህና ናት!"

የአክስቴ ልጅ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ "እትዬ፣ እኔ ነኝ" አላት። ድምፁን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም ግሩፑ ላይ "ውሸት ነው፣ አትላኩ" ብዬ ጻፍኩ።

አክስቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ወሬውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደጇ ላይ ተሰብስቧል። "ማነው የሞተው?" ብላ እሷም ልታለቅስ ነበር።

ነገሩ ኋላ ተጣራ። በዋዜማው ማታ ለአክስቴ ልጅ አንድ ጓደኛው "ለልጄ ውድድር ድምፅ ስጥልኝ" ብሎ ሊንክ ልኮለት ነበር። እሱም ከፍቶ፣ በመልእክት የመጣለትን የማረጋገጫ ቁጥር አስገባ። የጓደኛውም አካውንት ቀድሞ የተሰረቀ ነበር። ሌቦቹ በዚያ ቁጥር የአክስቴ ልጅ አካውንት ውስጥ ገብተው የግሩፑን የቆየ ወሬ ሁሉ አንብበዋል፤ አብነት እንደሚሠራም ያወቁት ከዚያ ነው።

እኛ ተረፍን። ሐዋሳ ያለው አጎቴ ግን የእኔ መልእክት ሳይደርሰው ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጠውን ልኮ ነበር። መታለሉን አውቆ ባንክ ሲደርስ ገንዘቡ ወጥቷል። ፖሊስ ቃሉን ተቀበለው፤ እስካሁን ግን የተገኘ ነገር የለም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ እህል አልቀምስም አለ። ክረምቱ ሳይገባም በራሱ ገንዘብ የገዛውን ቆርቆሮና የሥራ ዕቃውን ጭኖ ሐዋሳ ወረደና የአጎቴን ጣሪያ ራሱ ሠርቶ ተመለሰ።